«በር መታኝ» ካለች በኋላ፦ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚለዩ የጤና ባለሙያዎችን እንዴት እናሠልጥን?

ይህ ጽሑፍ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል «ስለ ጥቃት ሥልጠና ስጡ» ለተባላችሁ ሰዎች ነው። ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል አስተባባሪ፣ ወይም «አንተ ትችልበታለህ» ተብሎ ሥራው የተጫነበት ጤና መኮንን።

የተለመደውን አካሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስላይድ ከሆነ ቦታ ይገኛል። አንደኛው ላይ የጥቃት ትርጉም፣ ሁለተኛው ላይ ዓይነቶቹ፣ ሻይ፣ ከዚያ ሕጉ፣ ከዚያ የአበል ፊርማ። በማግሥቱ ዓይኗ ያበጠ ሴት ተመላላሽ ክፍል ትገባለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ትባላለች፣ «በር መታኝ» ትላለች፣ ማስታገሻ ይታዘዝላትና «ቀጣይ!»።

ባለሙያው ምልክቱን አጥቶት አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኛው በሩ እንዳልመታት ያውቃል። የጨነቀው «ከዚያስ ምን ልበላት?» የሚለው ነው። ብጠይቃት ታለቅሳለች፣ ብታለቅስ ሠላሳ ሰው ደጅ ላይ ተሰልፏል፣ «አዎ» ብትለኝ ደግሞ የት እልካታለሁ? ስለዚህ ይጠይቅ የነበረውም ዝም ይላል። ሥልጠናችሁ ይህን ፍርሃት ካልነካ የምልክት ዝርዝር ብትደረድሩ ዋጋ የለውም። መርፌ መውጋት በስላይድ እንደማይለመድ ሁሉ ይህም አይለመድም፤ ቢያንስ ግማሹ ሰዓት ሠልጣኙ በራሱ አፍ የሚናገርበት ይሁን።

አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ክፍሉን አስተካክሉ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ስለ ጥቃት ከመጠየቅ በፊት መሟላት ያለባቸውን ነገሮች አስቀምጧል፦ ብቻዋን የምትጠየቅበት ቦታ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የተጻፈ የአሠራር ሥርዓት፣ የምትላክበት ቦታ። እነዚህ ከሌሉ መጠየቁ ራሱ ሊጎዳት ይችላል። የተናገረችውን አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጎረቤቷ ከሰማች ወሬው እሷን ቀድሞ ቤት ይገባል።

እስቲ ወደየክፍሎቻችሁ ዞር ዞር በሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ባለሙያ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ የተከፈተ በር፣ ቀጣዩ ታካሚ ጉልበቱ የመጀመሪያዋን ወንበር ሊነካ ምንም አልቀረው። እዚህ ላይ «ምስጢር ይጠበቃል» የሚል ስላይድ ማሳየት ቀልድ ነው። አዲስ ክፍል ስለመገንባት አይደለም የማወራው። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ከሰዓት ባዶ ነው? የአልትራሳውንዱ ክፍል በሩ ይዘጋል? የቁስል ማጠቢያውስ? አንድ በሩ የሚዘጋ ክፍል ምረጡ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን ወስኑ። ይህ ሳይሆን ሥልጠና አትጀምሩ።

ቀጥሎ ካርዱ። የታካሚ ካርድ ስንት እጅ ላይ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዴ ባልየው ራሱ ይዞት ይዞራል። ከውጭ በሚታይ ቦታ ላይ «ጥቃት» የሚል ነገር አይጻፍ። ለውጩ የምትግባቡበት ምልክት ይኑራችሁ፤ ዝርዝሩ ተቆልፎ በሚቀመጥ መዝገብ ወይም በውስጠኛው ገጽ ይጻፍ። ቀጠሮ ወረቀት ላይም «የደም ግፊት ክትትል» ማለት ይበቃል።

የመላኪያ ዝርዝሩን ደግሞ ራሳችሁ ደውላችሁ አዘጋጁ። ከሌላ ተቋም የተገለበጠ ዝርዝር ላይ ግማሹ ቁጥር አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና ሕጉን አንድ ላይ የያዘ የአንድ መስኮት ማዕከል አለ። መጠለያ ለሚያስፈልጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ ለሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አሉ። ክልል ላይ ከሆናችሁ በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘው ሰው፣ በአቅራቢያው ያለ ትልቁ ሆስፒታል። ለእያንዳንዱ ደውሉና ጠይቁ፦ ሌሊት ትቀበላላችሁ? ከልጆቿ ጋር? ወንድ ልጇ 13 ዓመት ቢሆንስ? መጠለያ የሚባል ነገር በአካባቢው ከሌለ ያንን አውቃችሁ ሠልጣኞቹን «የለም» በሏቸው። የሌለ ነገር ቃል የተገባላት ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

2. ዘበኛውን አትርሱት

ሥልጠና ሲባል ሐኪምና ነርስ ብቻ ይጠራል። ግን ሴትዮዋን መጀመሪያ የሚያያት ዘበኛው ነው፣ ቀጥሎ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ። «ባለቤቴ ውስጥ ናት፣ ልግባ» ሲል በሩን የሚከፍተው ማነው? ካርድ ክፍል ላይ «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ብሎ በመስኮት የሚጮኸውስ? ለእነሱ የአንድ ሰዓት አጭር ቆይታ ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ ይወቁ፦ ታካሚ ብቻዋን ትገባለች የሚለው ደንብ ለሁሉም እኩል ነው፣ የሚያዩትን አያወሩም፣ አንድ ሰው ሲረብሽ የሚጠሩት እገሌን ነው። ጽዳት ሠራተኞችንም ጨምሩ። ሴቶች ለጽዳት ሠራተኛ የሚነግሩትን ለዶክተር አይነግሩም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ከመያዝ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ለአምስት ሳምንት ይሻላል ባይ ነኝ። በመሃል ሠርተው ይመጣሉ፣ የገጠማቸውን ይዘው ይመጣሉ። የገበያ ቀን አትያዙ፤ ያን ቀን ተመላላሽ ክፍሉ ይሞላል፣ ማንም አይመጣላችሁም። የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ የሚያሰጥበት መንገድ ካለ አስቀድማችሁ ጨርሱት። ሰው ይጓጓል፣ ምንም ነውር የለውም።

3. የመጀመሪያው ሰዓት ስለ እኛው ስለራሳችን ነው

ስለ ታካሚዎች ከማውራታችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውን አስተሳሰብ አውጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 ከመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 ከመቶ ናቸው። አዎ፣ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ይህን ቁጥር ስትናገሩ ሳቅና ጫጫታ ይነሳል፤ ተዉት ይነሳ። ከዚያ ጠይቁ፦ ነርሶቻችን፣ አዋላጆቻችን ከየት ነው የመጡት? ከዚሁ ሕዝብ አይደለም እንዴ?

አንድ ልምምድ አለ፣ ሁልጊዜ ይሠራል። ግድግዳው አንድ ጥግ ላይ «እስማማለሁ»፣ ሌላው ጥግ ላይ «አልስማማም» ብላችሁ ለጥፉ። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡና ሰዉ እየተነሳ ይቁም። «የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም።» «ካልጠጣ ጥሩ ሰው ነው።» «ልጆች ካሉ ትዕግሥት ይሻላል።» «የተማረች ሴት አትመታም።» «እሷም አፏን ብትሰበስብ።» ማንንም አታሸማቅቁ። የተለያየ ጥግ የቆሙት ራሳቸው ይከራከሩ፤ እናንተ ጣልቃ የምትገቡት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እንዲህ የምታስብ ነርስ ፊት የተቀመጠች ሴት እውነቱን ትናገራለች?»

አንድ ጥንቃቄ። በዚያው ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ላይ ደግሞ ቡታጅራ አካባቢ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከትዳር አጋር የደረሰባቸው 71 ከመቶ ነበሩ፣ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው። እንግዲህ አሥራ ሁለት ሴት ሠልጣኝ ከፊታችሁ ብትቀመጥ ጥቂቶቹ ርዕሱን ከቤታቸው ያውቁታል። በመጀመሪያው ደቂቃ ይህን በግልጽ ተናገሩ፦ «ከበዳችሁ ውጡ፣ ማንም አይጠይቃችሁም፣ የራስን ታሪክ መናገር ግዴታ አይደለም።» ከሥልጠናው በኋላ ለብቻ የሚያናግራቸው ሰውም ይኑር።

4. ምልክቶቹ

ይህን ክፍል ብዙ አሠልጣኝ ሙሉ ቀን ይወስድበታል። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ ግን በፎቶ ሳይሆን ከእናንተው ጤና ጣቢያ በሚመስሉ ታሪኮች ይሁን።

ጉዳት ያለባት ሴት ቀላሏ ናት። ጭንቅላት፣ ፊት፣ አንገት ላይ ያለ ጉዳት፤ በጥፊ የተቀደደ የጆሮ ታምቡር፤ ፊቷን ስትከላከል የተመታ ክንድ፤ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ያለ በለዝ፤ ከተናገረችው ጋር የማይገጥም ስብራት። ቆይታ መምጣት። ደጋግሞ መምጣት። «ላም ረገጠችኝ»፣ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ»፣ «ልጄ ሲጫወት መታኝ»። እርግጥ ላም ትረግጣለች፣ ሰውም ይወድቃል፤ መጠርጠር መፍረድ አይደለም። በነገራችን ላይ «የበለዙ ቀለም ቢጫ ከሆነ ይህን ያህል ቀኑ ነው» የሚለውን አታስተምሩ። በቀለም የበለዝን ዕድሜ በትክክል መናገር አይቻልም፣ ፍርድ ቤት ላይም ያዋርዳል።

ከባዷ ምንም የማይታይባት ናት። ቁጥራቸውም የሚበዛው እነሱ ናቸው። ጨጓራ ብላ በተደጋጋሚ የምትመጣ፣ መድኃኒት የማይሠራላት። «ሁለመናዬን ያመኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የምትል። የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ የዳሌ ሕመም፣ የአባላዘር በሽታ። ተደጋጋሚ ውርጃ። የእርግዝና ክትትል ዘግይታ የጀመረች ወይም ያቋረጠች። በክንዷ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ «ዛሬውኑ አውጡልኝ» ብላ የምትጣደፍ፣ ምክንያቱን የማትናገር፤ ባልየው አግኝቶባት ሊሆን ይችላል። ካርዷን ጎረቤት ቤት የምታስቀምጥ። የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን የምታቆራርጥ፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የምትደብቅበት ቦታ የላትም። በረኪና ወይም የተባይ መድኃኒት ጠጥታ የመጣች ወጣት ሚስት ደግሞ ዳነች ተብሎ ብቻ ቤቷ አትላክ፤ ምን እንዳደረሳት ሳይጠየቅ አትውጣ።

ከዚያ አብሯት ያለው ሰው። ለተጠየቀችው ሁሉ እሱ የሚመልስ። ከክፍሉ አልወጣም የሚል። ወይም በጣም ትሑት፣ በጣም ተንከባካቢ፣ ጫማዋን የሚያስር። አንዳንዱ ደግሞ ተዋናይ ነው። ይህን ስትሉ ሠልጣኞች ይስቃሉ፣ ግን ይያዙት፦ ጥሩ ጠባይ ያለው ባል ማስረጃ አይደለም።

አንድ ነገር ጎላ አድርጉልኝ፦ አንገት። ታንቃ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ አንገቷ ላይ ምንም ምልክት የላትም። ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ለመዋጥ ይቸግራታል፣ ዓይኗ ነጩ ላይ ጥቃቅን ደም ይታያል፣ ራሷን ስታ እንደነበር ወይም ሽንቷ እንዳመለጣት ትናገራለች። ይህች ሴት ለሰዓታት ክትትል ያስፈልጋታል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ቀደም ሲል የታነቁ ሴቶች በዚያው ሰው የመገደላቸው ዕድል ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። «አነቀኝ» ስትል ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ይበል።

ሚስት ብቻም አይደለችም። የቤት ሠራተኛ በአሠሪዋ ታጅባ ትመጣለች፣ አሠሪዋም ትመልስላታለች። አሮጊት እናት በጠጪ ልጃቸው ተመትተው ይመጡና «ዕድሜዬ ነው ልጄ» ይላሉ። ወንዶችም ተመትተው ይመጣሉ፤ እነሱማ ጭራሽ አይናገሩም።

5. ጥያቄው

የሥልጠናው ልብ እዚህ ነው። ሁለት ሳምንት ስጡት።

መጀመሪያ ብቻዋን ማድረግ። ሰበቦችን በጋራ ሰብስቡ፦ ሽንት ለምርመራ መስጠት፣ ክብደት መለካት፣ «የማኅፀን ምርመራ ስለሆነ ብቻዋን ነው»። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰበብ የማያስፈልገው አሠራር ነው። ማንኛዋም ታካሚ የምርመራዋን የመጀመሪያ ክፍል ብቻዋን ትገባለች፣ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ለሁሉም ነው። ባልየው የሚጠረጥረው ነገር አይኖርም። ልጇ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ እሱም ውጭ ይቆይ፤ ልጅ የሰማውን ቤት ይናገራል። ቋንቋችሁን የማትችል ከሆነ አስተርጓሚው ባሏ፣ ልጇ ወይም የባሏ እህት አይሁኑ። ከሠራተኞች መካከል ማን ምን ቋንቋ እንደሚችል ዝርዝር ይኑራችሁ።

ሁሉንም ታካሚ ጠይቁ እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ያንን አይመክርም። ምልክት ሲኖር፣ ሁኔታው ሲያጠራጥር ነው። የእርግዝና ክትትል ላይ ግን፣ ክፍሉም መላኪያውም ከተሟላ፣ ብትጠይቁ ጥሩ ነው፤ ደጋግማ ስለምትመጣ ዛሬ ያልተናገረችውን በሚቀጥለው ልትናገር ትችላለች።

አሁን ቃሉ። «የቤት ውስጥ ጥቃት ደርሶብሻል ወይ?» የቢሮ ጥያቄ ነው፤ መልሱ «ኧረ የለም» ነው። «ባልሽ አይመታሽም አይደል?» ደግሞ መልሱን ራሱ ይዟል። እንዲህ ይጀመር፦

«እህቴ፣ እዚህ ለሚመጡ ብዙ ሴቶች የምጠይቀው ነገር ነው። የቤት ጭንቀት ሰውነትንም ይጎዳል። የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ናችሁ?»

ዝም ካለች፣ ዝም ይበል። ዝምታ መቻል ራሱ ልምምድ ይፈልጋል፤ ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠው ግማሽ ደቂቃ ዝም እንዲሉ አድርጓቸው፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ያዩታል። ከዚያ፦

«ስትጣሉ መጨረሻው ምን ይሆናል?»
«ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?»
«መትቶሽ፣ ገፍቶሽ ያውቃል?»
«ሳትፈልጊ አስገድዶሽ አብረሽው ተኝተሽ ታውቂያለሽ?»

ጉዳት ካለ ቀጥታ ነው፦ «እንዲህ ዓይነት ጉዳት አንዳንዴ ሰው ሲመታ ነው የሚመጣው። የመታሽ ሰው አለ?»

ታካሚዋ በዕድሜ ከገፉ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚያስቸግርዎት ሰው አለ?» ይባላል፣ በአንቱታ። ወጣት ነርስ «አንቺ» ብላ ከጀመረች ወሬው እዚያው ያልቃል።

ምስጢር ስትገቡላት ገደቡንም ንገሯት። ሕፃን ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም እሷ ራሷን ልታጠፋ ከሆነ ሌላ ሰው ማሳወቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ቀድማ ካወቀች የምትነግራችሁን ትመርጣለች።

«የለም» ካለችስ? «እሺ» ይባላል። አታፋጥጧት፣ «አትዋሺ» አትበሏት። «ምናልባት አንድ ቀን ማውራት ብትፈልጊ ማክሰኞና ሐሙስ እዚህ ነኝ» ይበቃል። በ2016ቱ ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 ከመቶ የሚሆኑት እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በአንድ ቀን እንድትናገር መጠበቅ የዋህነት ነው። በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ከወጣች ሥራው ተሠርቷል።

6. «አዎ» ስትል

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ድጋፍ አምስት ነገር ያስቀምጣል፦ ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ ማመንና ይህንኑ መንገር፣ ደኅንነቷን ማጠናከር፣ ወደ ድጋፍ ማገናኘት። ሠልጣኞች አምስቱን ይሸምድዱ፤ ግን እውነተኛው ፈተና ምን እንደማይሉ ማወቅ ነው። ሰሌዳ ላይ የተከለከሉትን ጻፉ፦

«ምን አድርገሽው ነው?»
«ለምን አትተይውም?»
«ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?»
«ቻል አድርጊው፣ ትዳር እኮ እንዲህ ነው።»
«ጥሪውና እኔ አናግረዋለሁ።»

የመጨረሻውን አስምሩበት። ብዙ ደግ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባልየውን ጠርቶ መምከር፣ ወይም ሁለቱን አስቀምጦ ማስታረቅ፣ ከሽምግልና ባህላችን ጋር ስለሚሄድ ትክክል ይመስላል። ግን እሷ መናገሯን አወቀ ማለት ነው። የዛሬ ማታውን ማን ያድርላታል? ሽማግሌ ትፈልግ እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት፤ ክሊኒክ ሽማግሌ አይደለም። ፖሊስም እንደዚሁ፤ አዋቂ ሴት ሳትፈቅድ ባለሙያው አይደውልም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ግን ሌላ ሥርዓት ነው፣ የተቋማችሁን አሠራር ቀድማችሁ አጣሩ።

የሚባለው አጭር ነው። «የነገርሽኝን አምኜሻለሁ።» «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» «ብቻሽን አይደለሽም።» ይኼ ደርቆ እንዳይሰማ በየሠልጣኙ አነጋገር ይለወጥ፤ የጎጃሟ አዋላጅ እንደ ጎጃም፣ የድሬዳዋው ነርስ እንደ ድሬ ይበል።

ከዚያ ዛሬ ቤት መሄድ ትችል እንደሆነ። እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በኪስ የሚያዝ ካርድ ላይ አሳትማችሁ ለሠልጣኞቹ ስጧቸው፦ ባለፉት ስድስት ወራት ድብደባው በዝቷል ወይስ ከፍቷል? በመሣሪያ አስፈራርቶሽ ወይም መትቶሽ ያውቃል? አንቆሽ ያውቃል? ሊገድለኝ ይችላል ብለሽ ታምኛለሽ? ነፍሰ ጡር ሆነሽ መትቶሽ ያውቃል? በቅናት ያብዳል፣ ሁልጊዜ? ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ከሆነ አደጋው ቅርብ ነው፤ «በቀጠሮሽ ነይ» አይባልም፣ ዛሬ የት እንደምታድር አብራችሁ ትነጋገራላችሁ። ሦስት ባይሞላም እሷ ከፈራች ፍርሃቷን እመኑ።

ቤቷ የምትመለስ ከሆነ (አብዛኞቹ ይመለሳሉ፣ አትዘኑባቸው) ተግባራዊ ነገር አውሩ። ጠብ ሲነሳ ከማድ ቤት ራቂ፤ ቢላውም እሳቱም እዚያ ነው። የቀበሌ መታወቂያሽ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ ትንሽ ብር የምታምኛት ሰው ጋ ይቀመጥ። ከጎረቤት አንዷ ጩኸት ስትሰማ እንድትመጣ ተነጋገሪ። በራሪ ወረቀት አትስጧት፣ ቦርሳዋ ይፈተሻል። ስልክ ቁጥሩን በሌላ ስም ትመዝግበው።

7. ሕክምናውና ወረቀቱ

ጾታዊ ጥቃት ካለ ሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን። የአባላዘርና የጉበት በሽታ መከላከያም አለ። ሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ አይጠብቅም። «መጀመሪያ ጣቢያ ሄደሽ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ተብላ የወጣች ሴት ሰዓቱ ያልፍባታል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ከተቋማችሁ ካጠፋችሁ ሥልጠናው ዋጋውን አወጣ።

አጻጻፉ፦ እሷ ያለችውን በራሷ ቃል፣ በትምህርተ ጥቅስ። «ባለቤቷ በቡጢ እንደመታት ትናገራለች» ይሁን እንጂ «በባሏ ተመታሁ ባይ ናት» አይሁን፤ ሁለተኛው አላመንኳትም ይላል። የጉዳቱ ቦታ፣ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ ቅርጽ። የሰውነት ሥዕል ላይ ምልክት ማድረግ ከቃል ይሻላል። የማይነበብ ጽሑፍ ፍርድ ቤት ላይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ዶክተሮች ይሰማችኋል?

ከሕጉ ይህን ያህል ይወቁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በአካል ጉዳት አንቀጾች እንዲቀጣ ያደርጋል። ስለዚህ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ሕጋዊ መልስ አይደለም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ግን «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። ባል ያስገደዳት ሴት በዚህ አንቀጽ መክሰስ አትችልም፤ ሕክምናዋን ግን ይህ አንድ ነጥብ አይቀንሰውም። ከዚህ በላይ ያለውን የሕግ ባለሙያ ይንገራት፣ ነርስ ጠበቃ ልሁን አትበል።

8. ልምምዱ

ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፦ አንዷ ታካሚ፣ አንዱ ባለሙያ፣ አንዷ ተመልካች። ስምንት ደቂቃ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ወንዶቹም ታካሚ ሆነው ይቀመጡ፣ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ኋላ ዝም ይላሉ። የሚከተሉት ይበቁ ይሆናል፦

ባሏ የከተማው ፖሊስ የሆነ ነፍሰ ጡር። (ወደ ፖሊስ ጣቢያ ትልኳታላችሁ? አስቡበት።)
የአሥራ ሰባት ዓመት የቤት ሠራተኛ፣ እጇ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ፣ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ።
ባለሙያው የሚያውቃት፣ ከእናቱ ጋር አንድ ዕድር ውስጥ ያለች ሴትዮ።
ጥፊ የበላችው የሥራ ባልደረባችሁ።

የመጨረሻው ይከብዳል። ትንሽ ከተማ ላይ ግን የሚገጥማችሁ እሱ ነው። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩን የማያውቃት ባለሙያ ቢይዘው፣ ወይም ሌላ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት መንገድ ቢኖር ይመረጣል፤ ይህንንም ምርጫ የምታደርገው እሷ ናት። ተመልካቿ ስህተት አትቁጠር። አንድ ጥያቄ ብቻ ትመልስ፦ «ታካሚዋ እኔ ብሆን ተመልሼ እመጣለሁ?»

9. ከሥልጠናው በኋላ

ፈተና አትስጡ። በወሩ ተመልሳችሁ ክፍሉ ይዘጋ እንደሆነ፣ ኪስ ካርዱ ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ መዝገቡ የት እንደተቀመጠ እዩ። የተመዘገበው ቁጥር ከፍ ካለ አለቆች ይደነግጣሉ፣ «እዚህ አካባቢ ጥቃት በዛ» ይላሉ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ መጠየቅ ስለተጀመረ ነው፣ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። ባዶ መዝገብ ነው ማሳሰብ ያለበት።

የሰሙትን ተሸክመው ወደ ቤት የሚሄዱ ባለሙያዎች አሉ። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሻይ ሰዓት ላይም ቢሆን፣ ስም ሳይጠሩ የከበዳቸውን የሚያወሩበት ሰዓት መድቡ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የጥያቄውን ልምምድ በመጀመሪያው ሳምንት ይሥራ፣ የሚቀጥለውን ሥልጠና አይጠብቅ። የስልክ ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ ደውሎ የሚያጣራ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ እሱ ሲዛወር ዝርዝሩን ለሚተካው ሰው በእጁ ያስረክብ።